ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኞቻችን የምንጽፈው ስለ ትዝታ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ዶርም ሕይወት ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጉዳይ ግን ከኤክሴልና ከወርድ መሃል የወጣ ነው። «ደግሞ ኮምፒውተር ልታስተምሪን ነው እንዴ?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። ነገሩ ሲጀመር የኮምፒውተር ይመስላል እንጂ ሲያልቅ የሰው ጉዳይ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል ብዬ አስባለሁ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል የሀገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ ይህን ተረት የምንጠቅሰው ስለ መተባበር ስናወራ ነው፤ ትኩረታችንም የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሸክሙ ነው የማወራው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት አራት ደብዳቤ ሲያትም ብዙ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ተቀባዩ እጅ ላይ ሲደርስ ግን ሃምሳ ሎሚ ነው። የትኛውን ያንሳ? የትኛውን ይጣል?

ሦስቱ ደብዳቤዎች

ትውልዴም እድገቴም ቡሬ ነው። ቡሬን ለማታውቁ፣ ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት፣ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም የተመረቁት የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ስሟን በዜና አስጠርተውታል። እኛ ልጆቿ ግን የምናውቃት በበቆሎዋና በበርበሬዋ ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በቆሎ ዘርቶ አጥጋቢ ምርት ለማግኘት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስፈልገዋል። ጥሬ ገንዘብ በሌለበት በግንቦትና በሰኔ ግብዓቱን በብድር ይወስዳል፣ እህሉ ከገባ በኋላ ደግሞ ይከፍላል።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ያለቀው፣ እንደምታስታውሱት፣ ጥቅምት 2015 ላይ ነበር። ውጤቱ ደግሞ እስከ ጥር አልመጣም። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ ከምጨነቅ ብዬ ለገበሬዎች ግብዓት በብድር በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውስጥ በጊዜያዊነት ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ገባሁ። ስሙን ልተወው። ሥራዬ የደረሰኝ መዝገብ ላይ ያለውን ወደ ኤክሴል ማስገባት ነበር። ደብዳቤ የሚታተመው በሌላ ክፍል ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንድ አባት ወደ ቢሯችን ገቡ። ጋቢያቸውን ከፍተው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» አሉኝ። አራት ወረቀት ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን የተጻፉ ናቸው፤ ርዕሳቸው አንድ፣ ማኅተማቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፣ አረፍተ ነገሩ ሁሉ አንድ። የሚለያዩት በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንደኛው ላይ የዩሪያ፣ ሁለተኛው ላይ የኤንፒኤስ፣ ሦስተኛው ላይ የምርጥ ዘር ዕዳ ተጽፏል። አራተኛው ወረቀት «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል።

«አባባ፣ እነዚህን ሲያገኙ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«የልጅ ልጄ አንዷን አነበበችልኝ። ሌሎቹ ግልባጭ መሰሉኝ። ያነበበችልኝን ያህል ከፍዬ ደረሰኜን ይዤ ገባሁ። ዛሬ ደግሞ ወንጀለኛ አደረጋችሁኝ።»

ግልባጭ! አስቡት እስቲ። እኚህ አባት ፊደል አልቆጠሩም እንጂ የመሥሪያ ቤት ወግ በደንብ ያውቃሉ። በሀገራችን ደብዳቤ ሲጻፍ አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለመዝገብ ቤት፣ ሌላው ለሚመለከተው ክፍል እየተባለ ግልባጭ ይበዛል። አንድ ዓይነት ማኅተም ያረፈባቸው፣ አንድ ዓይነት ቃል የያዙ ሦስት ወረቀቶች ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ ግምት ከየት ይመጣል? ያነበበችላቸው ደብዳቤ የምርጥ ዘሩ ነበር፤ ከሦስቱ ትንሹ ዕዳ።

ማሽኑ ሰው አያውቅም፣ ረድፍ እንጂ

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት «ሜይል መርጅ» የሚባለውን የወርድ አገልግሎት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቻችሁ የምስክር ወረቀት ወይም የሠርግ መጥሪያ ሲዘጋጅበት አይታችኋል። አንድ የደብዳቤ ቅርጽ ይዘጋጃል፣ ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተዋል፣ ዝርዝሩ ከኤክሴል ይመጣል። ወርድ የመጀመሪያውን ረድፍ ያነባል፣ ክፍት ቦታዎቹን ይሞላል፣ አንድ ደብዳቤ ይወጣል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ረድፍ ያነባል፣ ሌላ ደብዳቤ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ። ሕጉ ይሄው ነው፦ አንድ ረድፍ፣ አንድ ደብዳቤ።

ለሠርግ መጥሪያ ይህ ሕግ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ተጋባዥ ዝርዝሩ ላይ የሚገኘው አንዴ ነው። የብድር ዝርዝር ግን እንደዚያ አይደለም። ገበሬው ዩሪያ የወሰደ ዕለት አንድ ረድፍ ይጻፋል፤ ኤንፒኤስ ሲወስድ ሁለተኛ፤ ዘር ሲወስድ ሦስተኛ። እኔ ስገባበት በነበረው ዝርዝር የሰዎቹ ቁጥር የረድፎቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ወርድ ግን ይህን አያይም። ለእሱ ሦስት ረድፍ ማለት ሦስት ሰው ነው።

ደግሞ ረድፎቹ ተለያይተው መጻፋቸው ስህተት አይደለም፤ ትክክለኛ አሠራር ነው። በ1970 እ.ኤ.አ ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ዳታቤዞች የቆሙበትን ንድፈ ሐሳብ ባሳተመ ጊዜ አንዱ ትልቅ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ መረጃ በየራሱ ቦታ አንዴ ይቀመጥ፣ ሲፈለግ በመለያ ይገናኝ። የብድሩ ሹም የነገሩኝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ዩሪያው በአንድ ሒሳብ፣ ዘሩ በሌላ ሒሳብ ነው የሚወራረደው፤ ከቀላቀልሽው ኦዲተር መጥቶ ይይዘናል» አሉኝ። ልክ ናቸው። መዝገቡ ተለያይቶ መቀመጥ አለበት። ጥያቄው ሌላ ነው፦ መዝገቡ ስለተለያየ ደብዳቤውም መለያየት አለበት እንዴ?

እኔ የለበትም ባይ ነኝ። መዝገብ የሚጻፈው ለሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፈው ግን ለሚቀበለው ሰው ነው።

አንድ ሰው መሆኑን በምን እንወቅ?

«እሺ እናዋሕደው» ተባለ እንበል። የመጀመሪያው እንቅፋት ኮምፒውተሩ ሳይሆን ፊደላችን ነው። በአማርኛ አንዱን ድምፅ በተለያየ ፊደል እንጽፋለን። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ… ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኤክሴል ግን አራት የተለያየ ሰው ነው። ሥላሴና ስላሴ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ጸሐይና ፀሐይ ላይም እንደዚሁ። ኃይለ ማርያም ተለያይቶ ሲጻፍና ኃይለማርያም ተገጥሞ ሲጻፍም ሁለት ይሆናል። በፊደል ተራ ደርድሩት ብትሉት እንኳ በ«ሀ» የሚጀምረው ላይ፣ በ«ኃ» የሚጀምረው ርቆ ታች ይሄዳል እንጂ ጎን ለጎን አይመጡም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የድሮ ፋይል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ይሠራ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነው። የእነዚያ የቆዩት ፎንቶች ጽሑፍ ዓይናችን ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው። ስለዚህ አንዱ ስም በድሮው፣ ሌላው በአዲሱ ከተጻፈ ሁለቱ በዓይን መንታ ናቸው፣ በማሽን ግን ዝምድና የላቸውም።

የአባት ስም አያት ስም ብንጨምር ይቀላል ትሉ ይሆናል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እስከ አያት ስማቸው የሚገጥም ሁለት ሰዎች ማግኘት ግን ለገጠር ሰው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ መፍትሔው ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የማይደገም ቁጥር ሰጥቶ በየረድፉ ማስገባት። ይህን ማንም ፎርሙላ አይሠራውም፤ የቀበሌውን ሰው የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ «ይሄና ይሄ አንድ ናቸው፣ ይሄኛው ሌላ ነው» ማለት አለበት። እኛ ቢሮ ይህን ያደረጉት ከቀበሌ የመጡ አንድ አዛውንት የሒሳብ ያዥ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ እያነበብኩ እሳቸው እየለዩ ጨረስነው። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ወደፊት ሊያቀለው ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚህ ማጥራት መሃል አንድ ነገር ገጠመን። በአንድ ሟች ስም ሁለት ረድፍ፣ በባለቤታቸው ስም ደግሞ አንድ ረድፍ ተገኘ። ማሽኑ ለሟቹ ሁለት ደብዳቤ ጽፎላቸዋል! ሴትየዋ ምን ያህል እንደሚደነግጡ አስቡት። ታዲያ ደንበኛው ማን ነው? ሰውየው? ቤተሰቡ? ይህን ኤክሴል አይመልስም። ሹሙ ከሕግ ሰው ጋር ተመካክረው የሟቹን ለብቻ አወጡት፤ ለእሳቸውም ደብዳቤ ከመላክ በአካል ማነጋገር ይሻላል ተባለ። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። አንዳንድ ሰው በደብዳቤ አይደረስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው

መለያ ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ከምትገምቱት በላይ ቀላል ነው። ውድ ሶፍትዌርም አይጠይቅም። ነገ በየቢሮው ስትቀጠሩ ይጠቅማችኋልና በአጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ዝርዝሩን በመለያ ቁጥር መደርደር ነው። የአንድ ሰው ረድፎች ሁሉ ተከታትለው ይመጣሉ።

ሁለተኛ፣ አዲስ ዓምድ ከፍቶ በ«ኢፍ» ፎርሙላ እንዲህ ማዘዝ፦ የዚህ ረድፍ መለያ ቁጥር ከላዩ ካለው ጋር አንድ ከሆነ፣ ከላይ የተጠራቀመውን ዝርዝር ውሰድና የዚህን ረድፍ ዕቃ ከሥሩ ጨምርበት፤ አንድ ካልሆነ ግን በዚህ ዕቃ አዲስ ዝርዝር ጀምር። ፎርሙላው እስከ ታች ሲጎተት ዝርዝሩ በየረድፉ እየረዘመ ይሄዳል፤ የእያንዳንዱ ሰው የመጨረሻ ረድፍ ላይ ሲደርስ ሙሉ ይሆናል። በየዕቃው መሃል የመስመር መቁረጫ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ ደብዳቤው ላይ ዕቃዎቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ይወርዳሉ።

ሦስተኛ፣ በሌላ ዓምድ «ሳምኢፍ» በሚባለው ፎርሙላ የዚያን መለያ ቁጥር ዕዳ ሁሉ መደመር።

አራተኛ፣ የየሰውን የመጨረሻ ረድፍ መለየት። ከሥሩ ካለው ረድፍ ጋር መለያ ቁጥሩ የሚለያየው እሱ ነው። እነዚያን ብቻ በፊልተር አውጥቶ ወደ አዲስ ገጽ፣ ፎርሙላውን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ፣ መለጠፍ። አሁን አንድ ሰው አንድ ረድፍ ሆነ ማለት ነው። የማሽኑን ሕግ ሳንነካ ዝርዝሩን ለሕጉ አስማማነው። ዋናው መዝገብ ደግሞ እንዳለ አለ፤ ኦዲተርም ቢመጣ ግድ የለም።

ኤክሴል 2019 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት «ቴክስትጆይን» የሚባል ፎርሙላ ስላላቸው ሁለተኛውን ደረጃ በአንድ ትእዛዝ መጨረስ ይቻላል። ማይክሮሶፍት አክሰስ ያለው ቢሮ ደግሞ በሪፖርት ላይ በደንበኛ መቧደን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። እኛ የነበረን ኮምፒውተር ግን ያረጀ ነበርና በ«ኢፍ» ነው የተወጣነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው የርዝመት ነው። ወርድ ከኤክሴል ሲያነብ ዓምዱን የሚገምተው ከላይ ባሉት ጥቂት ረድፎች ነው። እነሱ አጭር ከሆኑ፣ ታች ያለው ረጅም ዝርዝር 255ኛው ፊደል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። መድኃኒቱ ረጅሙን ዝርዝር የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የብር አጻጻፍ ነው። ኤክሴል ላይ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ የሚታየው 13,000 ወርድ ላይ ባዶውን 13000 ሆኖ ይመጣል፣ ሳንቲም ካለበት ደግሞ ጭራው ሊረዝም ይችላል። በ«ቴክስት» ፎርሙላ አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ መቀየር ያድናል።

ሦስተኛው የራሳችን ወጥመድ ነው፤ የዘመን አቆጣጠራችን። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ቀን ቀድሞ እንዲጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ጥቅምት 28ን 28/2/2015 ብላችሁ ብታስገቡ የፈረንጅ ፌብሯሪ ነው ብሎ ቀን ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2015 ብትሉት ግን ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ዝም ብሎ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ! ወር ቀድሞ በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን፣ 3/13 ተብሎ ሲገባ፣ ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ቀኑን በፊደል «ጥቅምት 30 ቀን 2015» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

በመጨረሻ የወጣው ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፦

ለአቶ …… (መለያ ቁጥር 0117)
ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የግብዓት ብድርን ይመለከታል
በ2014/15 የምርት ዘመን ከወሰዱት ግብዓት ያልተከፈለው፦
ዩሪያ፣ 2 ኩንታል፣ 7,600 ብር
ኤንፒኤስ፣ 1 ኩንታል፣ 4,150 ብር
የበቆሎ ምርጥ ዘር፣ 1,250 ብር
ጠቅላላ ድምር 13,000 ብር
ይህ ደብዳቤ ሙሉ ዕዳዎን የያዘ ነው። ሌላ ደብዳቤ የለም።

የመጨረሻዋ መስመር እንድትገባ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሹሙ መጀመሪያ «ይህ የመሥሪያ ቤት አማርኛ አይደለም» ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ በኋላ የሦስቱን ደብዳቤ ታሪክ ሳነሳባቸው ተዉኝ። ለእኔ ከፎርሙላው ሁሉ በላይ የምትበልጠው እሷ ናት። ግልባጭ ይሁን አይሁን ማንም መገመት የለበትም።

የእኚያ አባት ነገርስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ዕዳቸውን ጨርሰው ከፈሉ። በማስጠንቀቂያው ምክንያት የተጨመረባቸው ቅጣት ግን ሥራውን እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ አልተነሳላቸውም። «ደብዳቤው ደርሷቸዋል፣ ፈርመው ተቀብለዋል» ነው መልሱ። እውነት ነው፣ ደርሷቸዋል። ሦስት ጊዜ ደርሷቸዋል። አንድም ጊዜ ግን አልተነገራቸውም።

አባቶቻችን ያውቁት ነበር

ይህን ሁሉ ሳስብ ከሁሉ የሚገርመኝ ነገሩ ለእኛ ሀገር አዲስ አለመሆኑ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ ደብተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ሰፈር ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ አለ። ስሙ ከላይ፣ ከሥሩ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ለሐዘን የተሰጠ። አባሉ መጥቶ «ስንት አለብኝ?» ሲል ገንዘብ ያዡ አንድ ገጽ ይገልጣሉ፣ በቃ። ገጹ የሰው ነው እንጂ የክፍያ አይደለም።

ከዚህም ትልቅ ምሳሌ አለን። አማራ ክልል ውስጥ ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የገጠር መሬት ሲመዘገብ ለባለይዞታው የተሰጠው አረንጓዴው ደብተር ነው። የጎጃም ገበሬ መሬቱ አንድ ቦታ አይደለም፤ አንዱ ማሳ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ከተራራው ሥር፣ ሌላው ከቤቱ ጀርባ ነው። ለየማሳው የተለያየ ወረቀት መስጠት ይቻል ነበር። ደብተሩ ግን የተሰጠው ለባለይዞታው ነው፤ ማሳዎቹ ከነአዋሳኞቻቸው በአንዱ ደብተር ውስጥ ተዘረዘሩ። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። ቅድም ስለ ሟቹና ስለ ባለቤታቸው ያነሳሁትን ጥያቄ፣ «ደንበኛው ማን ነው?» የሚለውን፣ ይህ ደብተር ገና ሲዘጋጅ ነበር የመለሰው። ብዙ መረጃ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ደብተር። ይህንን ያደረገው የኮምፒውተር ብልሃት አይደለም። ደብተሩን የሚይዘው ማን ነው ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። እኛም ነገ ዜና ስንሠራ በእጃችን የሚገባው ረድፍ ነው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ሠንጠረዥ፣ ከጤና ጣቢያ ሌላ፣ ከፍርድ ቤት ሌላ። ሰኞ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እንጽፋለን፣ ረቡዕ ስለ ብድር አመላለስ፣ ዓርብ ስለ ትምህርት ማቋረጥ። ሦስት ዜና ይሆናል። አንዳንዴ ግን ሦስቱም ዜናዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ማዳበሪያው የተወደደበት፣ ብድሩ ያልተመለሰለት፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀረው አባወራ አንድ ሰው ነው። የዩክሬን ጦርነት በ2014 ዓ.ም ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ ብለን ዘግበናል። ያ ዋጋ ቡሬ አጠገብ ባለ አንድ ጎጆ ውስጥ ከሌሎቹ ሁለት ረድፎች ጋር ሲደመር ስንት እንደሚሆን ግን ስንቶቻችን ጻፍን?

መምህራኖቻችን «ምንጭህን አረጋግጥ» ይሉናል። እኔ ከቡሬ የተማርኩት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ እነዚህ መረጃዎች የማን ናቸው? የአንድ ሰው ከሆኑ አንድ ቦታ ላይ አምጥተን እንደምራቸው። ፊደሉ ቢለያይም፣ ቀኑ ቢዘበራረቅም፣ ሒሳቡ በተለያየ ክፍል ቢያዝም።

ከማብቃቴ በፊት ለዲፓርትመንታችን አንድ ትንሽ ሐሳብ ላቅርብ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳችን በዝርዝር ይሞላል። ያልተመለሰ መጽሐፍ አንድ ወረቀት፣ ያልገባ አሳይመንት ሌላ ወረቀት፣ ያልተሟላ ምዝገባ ሌላ ወረቀት። አንድ ተማሪ ስሙን ፍለጋ ሦስቱንም ያስሳል፤ አንዱን አይቶ ሁለቱን ሊስት ይችላል። መታወቂያ ቁጥር አለን፤ ኤክሴልም አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት ማውጣት ይቻላል። ጽሕፈት ቤቱ ከፈቀደ እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች በሚመጣው ሴሚስተር ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን። መታወቂያ ቁጥራችሁን በትክክል መሙላት የእናንተ ድርሻ ነው።

ቸር እንሰንብት!